የመስቀል ወፍ የት ትከርማለች?

«ምነው ጠፋህ? የመስቀል ወፍ ሆንክ እኮ!»

ይህችን ወቀሳ ያልቀመሰ የከተማ ልጅ ካለ እጁን ያውጣ። ዘመድ ሳይጠይቅ የከረመ፣ ፍቅረኛውን በቀጠሮ ያጉላላ፣ ብድር ወስዶ የተሰወረ ሁሉ የሚባለው ይህንኑ ነው። እኔም ስባልም ስልም ኖሬአለሁ። ታዲያ አንድ ቀን እንኳ «ለመሆኑ ይህች ወፍ መስቀል ካለፈ በኋላ የት ነው የምትገባው?» ብዬ ጠይቄ አላውቅም ነበር። መልሱን ያገኘሁት ከመጽሐፍ አይደለም። ሱዳን ድንበር ላይ፣ መተማ ዮሐንስ ከተማ ዳር፣ ክረምት የሞላት አንዲት የጭቃ ኩሬ አጠገብ ተቀምጬ ነው። ጊዜው መስከረም 2006 ዓ.ም. ነበር።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልናዘዝ። መተማ የሄድኩት ወፍ ለማየት አልነበረም። ከአንድ አብሮ አደጌ ጋር ሆነን ልንሻገር ነው። መጀመሪያ ካርቱም፤ ከካርቱም በኋላ ያለውን አፍ አውጥተን አናወራውም፣ ሁለታችንም ግን እናስበዋለን። ያኔ ገና ሃያዎቹን መጀመራችን ነው። ሥራ የለም። ሰፈር ድንጋይ ላይ ተቀምጦ መዋል አንገሽግሾናል። ለቤተሰብ «ጎንደር ሥራ ተገኝቷል» ብለን ዋሽተን ወጣን።

ቁልቁል ወደ ሙቀት

ከጎንደር እስከ መተማ ወደ 200 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። እኔን ብትጠይቁኝ ግን መንገዱ የሚለካው በኪሎ ሜትር ሳይሆን ሰው እየወረደ በሚያወልቀው ልብስ ነው። አዘዞን ስንለቅ ጃኬታችንን እስከ አንገታችን ቆልፈናል። ጭልጋ፣ አይከል ላይ ደመናው ከመኪናው መስኮት ጋር ይተሻሻል። ከዚያ በኋላ መንገዱ እየተጠማዘዘ መውረድ ይጀምራል። ጆሮ ይደፈናል። ጃኬት ይወልቃል፤ ቀጥሎ ሹራብ። ገንዳ ውኃ ስንደርስ በካናቴራ ብቻ ቀርተናል፤ እሷም ጀርባችን ላይ ተለጥፋለች። ጎንደር ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ከተማ ናት። መተማ ዮሐንስ ደግሞ ከ800 ሜትር በታች ነች። በግማሽ ቀን ጉዞ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ቁልቁል ትወርዳላችሁ ማለት ነው።

ስለ መተማ የሚያወራላችሁ ሰው ሁሉ «በረሃ ነው» ይላችኋል። በመስከረም ያየ ግን እንዲህ አይልም። ማሽላው ከሰው ቁመት በልጦ ቆሟል፣ ሰሊጡ ፍሬውን ቋጥሯል፣ ዋልካው አፈር እግር ይዞ አልለቅም ይላል። ከየደጋው ለሰሊጥ አጨዳ የሚጎርፈው ወጣት ማጭዱን በጨርቅ ጠቅልሎ የከተማዋን በረንዳ ሞልቶታል። ከሱዳን ነዳጅ የጫነ ቦቴ ይገባል፣ ከዚህ ደግሞ ጭነት ይወጣል። ፉል ቤቱ ውስጥ አረብኛና አማርኛ ባንድ ሳህን ይበላሉ። በእኛዋ መተማና በሱዳኗ ገላባት መካከል ያለው አንዲት ድልድይ ናት። ከተማዋ «ዮሐንስ» የሚል ስም የያዘችው በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ከደርቡሾች ጋር ሲዋጉ እዚሁ በወደቁት በአፄ ዮሐንስ 4ኛ ነው።

ደላላው «ሁለት ቀን ብቻ ታገሡ» አለን። ሁለቱ ቀን አሥራ አንድ ቀን ሆነ።

የጭቃዋ ኩሬ

የተከራየናት ጎጆ ከከተማዋ ጫፍ ነበረች። ከበስተጀርባዋ መንገድ ሲሠራ አፈር የወጣበት ትልቅ ጉድጓድ አለ። ክረምቱ ሞልቶት ኩሬ ሆኗል። ከብት ይጠጣበታል፣ ልጆች ይዋኙበታል፣ ሌሊት ሌሊት እንቁራሪት ይንጫጫበታል። ቀን ቀን ጎጆዋ ውስጥ መቀመጥ ማለት ምጣድ ላይ መቀመጥ ነው። ከተማ መዞር ገንዘብ ያስወጣል፤ ደላላውም «ብዙ አትታዩ» ብሎናል። ስለዚህ ኩሬዋ ዳር ካለችው ግራር ሥር መዋል ያዝን።

ጓደኛዬ ከቤት ሲወጣ የአባቱን የሩቅ ማያ መነጽር ይዞ ነበር። አባቱ ወታደር የነበሩ ናቸው። ሐሳቡ ገንዘብ ካለቀብን ካርቱም ላይ ሊሸጠው ነው። የመጀመሪያ ቀን ለጨዋታ ያህል ተቀብዬ ዓይኔ ላይ አደረግሁት። ከሁለተኛው ቀን ጀምሮ ከእጄ አልወጣም።

ምን ልበላችሁ! «ወፍ» ብዬ አልፌው የነበረው ሁሉ መነጽሩ ውስጥ ሲገባ የየራሱ መልክና ጠባይ ያለው ሆነ። ነጯ ሳቢሳ ላሚቱን እግር በእግር ትከተላለች፤ ላሚቱ ሳሩን በረገጠች ቁጥር ብድግ የሚለውን ፌንጣ ትለቅማለች። ጥቁርና ነጭ ዝንጉርጉር የሆነችው ዓሣ አዳኝ አየር ላይ ክንፏን እያርገበገበች ባንድ ቦታ ትቆምና ቁልቁል እንደ ድንጋይ ትወረወራለች። ቀያይ እግሮቿ ከሰውነቷ ጋር የማይመጣጠኑ አንዲት ቀጭን ወፍ ደግሞ ቀሚሷን እንደሰበሰበች ኮረዳ ጭቃው ውስጥ እየተጠነቀቀች ትራመዳለች። የኤሌክትሪክ ሽቦ ላይ የምትሰለፈው ንብ በል ጉሮሮዋ ቢጫ፣ ሆዷ ሰማያዊ፣ ጀርባዋ የቡና ቀለም ነው። ንቧን አየር ላይ ትቀልባትና ወዲያው አትውጣትም። መንደፊያዋ እስኪወጣ ድረስ ሽቦው ላይ ደጋግማ ትፈትጋታለች።

ኩሬ ዳር ቁጭ ብሎ መጠበቅ እዚያ አገር አዲስ ነገር እንዳልሆነ ያወቅሁት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ከመተማ ብዙም ሳይርቅ ሽንፋ የሚባል ወንዝ አለ፤ ሱዳን ሲገባ ስሙ ራሃድ ይሆናል፣ በመጨረሻም ዓባይን ይቀላቀላል። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. «ኔቸር» በተባለው የሳይንስ መጽሔት የወጣ ጥናት እንዳስረዳው፣ ከ74 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት በሽንፋ ዳር ሰዎች ሰፍረው ይኖሩ ነበር። ያን ጊዜ በሩቁ ሱማትራ ቶባ የሚባል ግዙፍ እሳተ ገሞራ ፈንድቶ የአየር ጠባይ ተዛብቷል። ሰዎቹ ግን አልጠፉም። በበጋ ወንዙ እየደረቀ ወደ ኩሬነት ሲቆራረጥ፣ በየኩሬው የታጎረውን ዓሣ እያጠመዱ ኖሩ። ከሰፈራቸው ፍርስራሽ መካከል የሰጎን እንቁላል ቅርፊት ተገኝቷል። እንግዲህ ከኔ በፊት እዚያ ኩሬ ዳር ወፍ ሲጠባበቅ የኖረውን ሰው ቁጠሩት!

ወፍ ማየት ሥራ የሆነበት አገር

አራተኛው ቀን ላይ ከኋላዬ «አንተ ልጅ!» የሚል ድምፅ መጣ። ዞር ስል ጠመንጃ ያነገቱ ጎልማሳ ቆመዋል። የአካባቢው ሚሊሻ ናቸው። ልቤ ድው አለ። እስቲ አስቡት፤ ድንበር ላይ፣ የወታደር መነጽር ይዤ፣ ያውም ፊቴን ወደ ሱዳን አዙሬ!

«ምንድን ነው የምታየው?»

«ወፍ ነው ጋሼ።»

«ምን?»

«ወፍ።»

መነጽሩን ተቀበሉኝና ዓይናቸው ላይ አድርገው ብዙ ጊዜ ዝም አሉ። እኔ ላብ ያጠምቀኛል። በመጨረሻ ሳቃቸው መጣ።

«ወይ ጉድ! ወፍ ልታይ ነው ከአዲስ አበባ ድረስ የመጣኸው? እኛ እኮ እንዳናያት ነው የምንሳለው።»

በማግሥቱ የቀልዱን ፍቺ ማሳቸው ድረስ ወስደው አሳዩኝ። ማሽላው መካከል በአራት እንጨት ላይ የቆመ ማማ አለ። ማማው ላይ የአሥር ዓመት ልጃቸው ወንጭፍ ይዞ ቆሟል። ጎህ ሲቀድ ይወጣል፣ ጀምበር ስትጠልቅ ይወርዳል። ይጮሃል፣ ጅራፍ ያጮሃል፣ ድንጋይ ይወነጭፋል። ትምህርት ተከፍቷል፤ እሱ ግን ማሽላው ሳይሰበሰብ ክፍል አይገባም።

ጠላቱ ግሪሳ ነች። ከድንቢጥ የማትበልጥ፣ ምንቃሯ ቀይ የሆነ ትንሽ ወፍ። ብቻዋን ብታዩአት ታሳዝናለች። ግን ብቻዋን አትመጣም። ስትመጣ እንደ ጭስ ተጠቅልላ፣ በሺህና በሚሊዮን ሆና ነው። አንዷ በቀን የምትበላው 10 ግራም ያህል እህል ነው። ሒሳቡን እናንተው ሥሩት፤ አንድ ሚሊዮን ግሪሳ በአንድ ቀን 100 ኩንታል ታወድማለች። መንጋው ሲከፋ በአውሮፕላን መርዝ ይረጫል። የመርዙ ክፋት ደግሞ ግሪሳን ለይቶ አለመግደሉ ነው፤ ሟቿን የበላ ጭልፊትና ንስርም ይከተላል።

«አንተ ስታያት ትዝናናለህ፤» አሉኝ ሰውየው፣ ማማውን ቀና ብለው እያዩ። «የኔ ልጅ ደግሞ ሲያያት ይውላል። ዓይን ሁሉ አንድ አይደለም።»

ይህችን ንግግራቸውን እስከ ዛሬ አልረሳኋትም።

ልብስ የምትቀይረዋ

እዚያው ማሳ ላይ እያለን ከአንዱ የማሽላ ራስ ላይ የእሳት ፍም የመሰለ ነገር ብድግ አለ። ጀርባው ቀይ፣ ፊቱና ሆዱ ጥቁር። ላባውን ነፍቶ እንደ ጢንዚዛ እየጮኸ ከማሽላ ማሽላ ይዘላል።

«የመስቀል ወፍ!» አልኩ በደስታ። መነጽሩ ከእጄ ሊወድቅ ነበር።

«እህሳ።»

«ጋሼ፣ ታዲያ መስቀል ሲያልፍ የት ነው የምትሄደው?»

ሰውየው እንደ ሞኝ አዩኝ።

«የት ትሄዳለች? እዚሁ ናት እንጂ። ልብሷን ነው የምታወልቀው። ያን ቀይ ካባ ስታወልቅ ከድንቢጥ አትለያትም። ከግሪሳው ጋር ተቀላቅላ እህሌን ስትለቅም ትከርማለች። እናንተ ቀዩን ብቻ ስለምትፈልጉ አታዩአትም።»

ኋላ መጽሐፍ ሳገላብጥ የሰውየው ቃል አንድም ሳይጎድል እውነት ሆኖ አገኘሁት። እንዲያውም «እሷ» እያልን የምንጠራት «እሱ» ኖሯል። ሴቷ ዓመቱን ሙሉ ቡናማ ናት፤ ልብስ የሚቀይረው ወንዱ ነው። ዝናብ ሲገባ፣ ሳሩና እህሉ ሲያድግ፣ ለሴቷ ለመታየት ቀይና ጥቁሩን ይለብሳል። መውለጃው ወራት ሲያልፍ አውልቆ ጥሎ ተራ ወፍ ይሆናል። የመስቀል ወፍ የሚባለውም አንድ ዓይነት ወፍ ብቻ አይደለም። ቆላው ይህችን ቀይ ይላታል። ደጋ ላይ ጥቁርና ቢጫ የሆነው፣ ወይም ጭራው ከሰውነቱ የሚረዝመው ጥቁርና ነጩ ስሙን ይወስዳል። ሁሉም ግን አንድ ተንኮል አላቸው። አይሄዱም፤ እኛው ነን የማንለያቸው።

ሁለቱ ሽመላዎች

ጓደኛዬ እስከ ሰባተኛው ቀን ድረስ በወፍ ነገር ሲስቅብኝ ነበር። ስምንተኛው ቀን ጠዋት ግን ከገላባት ወዲህ ባለው ሰማይ ላይ ትላልቅ ወፎች ክንፋቸውን ሳያንቀሳቅሱ እየተሽከረከሩ ወደ ላይ ሲወጡ አየና መነጽሩን ነጠቀኝ። ነጭ ሽመላዎች ነበሩ። አካላቸው ነጭ፣ የክንፋቸው ዳር ጥቁር፣ ምንቃርና እግራቸው ቀይ።

እነዚህ ሽመላዎች አውሮፓ ውስጥ በየቤቱ ጣሪያና በየምሰሶው ላይ ጎጆ ሠርተው የሚወልዱ ናቸው። ክረምታቸው ሳይገባ ወደኛ ይመጣሉ። ባሕር አይወዱም፤ ምክንያቱም የሚበሩት ከሞቀ መሬት በሚነሳው አየር ላይ ተንሳፈው ነው፣ ባሕር ላይ ደግሞ ያ አየር የለም። ስለዚህ ሜዲትራኒያንን በመዞር በቱርክ፣ በሶርያና በእስራኤል በኩል፣ በሲና አልፈው፣ ዓባይን ተከትለው ሱዳን ይገባሉ። ይህን ሁሉ ያኔ አላውቅም። «ከአውሮፓ ነው የሚመጡት» የምትለውን ብቻ ከትምህርት ቤት አስታውሳለሁ፤ እሷኑ ነገርኩት።

ጓደኛዬ መነጽሩን ከዓይኑ ሳያወርድ «እኛ ልንሄድ እነሱ ወደዚህ?» አለ። ሳቅን። ሳቃችን ግን ብዙ አልቆየም።

እዚያው ኩሬ ዳር ሌላም ሽመላ ነበረች። አነስ ያለች፣ ጀርባዋ ጥቁር፣ ሆዷ ነጭ። ሱዳኖች ሲምብሪያ ይሏታል። ዝናብን ይዛ ትመጣለች ብለው ስለሚያምኑ ጎጇቸው ጣሪያ ላይ ስትወልድ አይነኳትም። ዝናቡ ሲያባራ ልጆቿን ይዛ ወደ አፍሪካ ደቡብ ትሄዳለች። እንግዲህ በመስከረም ላይ አንዷ ስትገባ አንዷ ለመውጣት ትዘጋጃለች። ሁለቱም ሲመለሱ አየናቸው የሚል ሰው ግን በሁለቱም አገር አለ። እኛ ልንሄድበት ያሰብነውን መንገድ ከሄዱት የሰፈራችን ልጆች መካከል ሲመለስ ያየነው ስንቱን ነው? ይህን ጥያቄ አንዳችንም ጮክ ብለን አልጠየቅንም።

ወባ

ዘጠነኛው ቀን ማታ ብርድ አንቀጠቀጠኝ። በመተማ ሙቀት፣ ጃኬት ለብሼ፣ ጥርሴ ይንገጫገጫል። ወባ ነበረች። ከመስከረም እስከ ኅዳር በእነዚያ ቆላዎች የምትነግሠው እሷ ናት። አጎበር ለመግዛት ሰስተን ነበር፤ ብሩ ለደላላው ይበቃ ዘንድ።

አሥራ አንደኛው ቀን ሌሊት ደላላው መጣ። «ዛሬ ነው» አለ። እኔ መቆም አልችልም። ጓደኛዬ ከተኛሁበት የገመድ አልጋ ጫፍ ላይ ብዙ ጊዜ ተቀመጠ። ከዚያ መነጽሩንና 400 ብር ራስጌዬ አደረገ።

«መነጽሩን ካርቱም ትሸጠው የለ?» አልኩት።

«ካርቱም ወፍ የለም፤» አለኝ። ውሸቱን ነው። ወጣ።

ለሰው ሁሉ «አስቤበት ቀረሁ፣ መንገዱ እንደማያዋጣ ገባኝ» እያልኩ ብዙ ዓመት አውርቻለሁ። ለእናንተ ግን እውነቱን ልንገር። ያስቀረኝ ብልሃት አይደለም፣ ትኩሳት ነው። ሚሊሻው ጋሼ ናቸው በማግሥቱ ደግፈው ክሊኒክ ያደረሱኝ። አዲስ አበባ ስመለስ ከሁሉም የከበደኝ የጓደኛዬ ቤተሰቦች ደጅ ነበር። እናቱ በር ከፍተው እኔን አዩ፤ ከኋላዬም አዩ። ማንም አልነበረም።

ቀዩን ብቻ ስፈልግ

ጓደኛዬ ካርቱም ገባ። ከዚያ አላለፈም። ሳህን አጠበ፣ ኋላም ባለ ሦስት እግር ታክሲ ነዳ። የሚደውለው በዓመት አንድ ጊዜ፣ ለእንቁጣጣሽ ወይም ለመስቀል ነው። «የመስቀል ወፍ ሆንክ» እለዋለሁ፤ ይስቃል። አባቱ በ2011 ዓ.ም. አረፉ። መነጽራቸው እኔ ጋ እንዳለ ያውቁ ነበር፤ አንድም ቀን ግን አልጠየቁኝም።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ጦርነቱ ፈነዳ። ስልኩ አልሠራ አለ። በመተማ በኩል በሺዎች የሚቆጠር ሰው፣ ሱዳናዊውም ኢትዮጵያዊውም፣ ያቺን ድልድይ እየተሻገረ መግባት ጀመረ። እኔ በየቀኑ ስልክ እሞክራለሁ። በአምስተኛው ሳምንት ከማላውቀው የኢትዮጵያ ቁጥር ተደወለ። «መተማ ነኝ» አለ። «ኩሬዋ ደርቃለች።»

መናኸሪያ ልቀበለው ሄድኩ። ተሳፋሪው ወርዶ እስኪያልቅ ቆሜ ፈለግሁት። ጉንጩ ሞላ ያለ፣ ቀይ ጃኬት የለበሰ፣ የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ነበር የምፈልገው። በአጠገቤ ሁለት ጊዜ አልፎ የሄደ፣ ፀጉሩ የሳሳ፣ ቡናማ ሸሚዝ የለበሰ ሰው ከኋላዬ ትከሻዬን ነካ አደረገኝ።

እዚያው መሀል መንገድ ላይ የሚሊሻው ጋሼ ቃል ጆሮዬ ላይ መጣ።

ለጀማሪ የሚሆን

እስከዚህ ያነበበ ወጣት «እኔም እስቲ ልሞክር» ሳይል አይቀርም። ጥሩ። አገራችን ከ860 በላይ የአእዋፍ ዝርያ የተመዘገበባት ናት፤ ከእነዚህም 200 ያህሉ እንደ ነጭ ሽመላ ከአውሮፓና ከእስያ የሚመጡ እንግዶች ናቸው። ለመጀመር የሚያስፈልገው ይህ ነው፦

1. ሩቅ አትሂዱ። አዲስ አበባ ላላችሁ ገፈርሳ ግድብ፣ አባ ሳሙኤል፣ የጉለሌ እጽዋት ማዕከል፣ ብሔረ ጽጌ መናፈሻ ይበቃሉ። ሐዋሳ ያላችሁ አሞራ ገደል ላይ አባ ኮዳ ከዓሣ አጥማጁ እጅ ሲሻማ ታያላችሁ። የትም ብትሆኑ የዝናብ ኩሬ አይጠፋም።

2. ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 3 ሰዓት ያለውን አታባክኑ። ፀሐይዋን ከጀርባችሁ አድርጉ። ወፍን መከተል ትርፍ የለውም፤ ተቀምጣችሁ ጠብቁ፣ እሷው ትመጣለች።

3. መነጽር ስትገዙ ላዩ ላይ ያለውን ቁጥር አንብቡ። 8×42 ካለ ስምንት እጥፍ ያቀርባል፣ የፊት መስታወቱ ስፋት 42 ሚሊ ሜትር ነው ማለት ነው። የሚያቀርበው ሲበዛ የእጅ መንቀጥቀጥም አብሮ ይበዛልና ለጀማሪ ስምንት ይበቃል።

4. ደብተር ያዙ። ስሟን ባታውቁ ግድ የለም። መጠኗን፣ ምንቃሯን፣ እግሯን፣ ምን ስትሠራ እንዳያችኋት ጻፉ። ስሙ ኋላ ይገኛል።

5. ድንበር፣ ድልድይና የጦር ካምፕ አጠገብ መነጽር አታውጡ። ሁሉም ሰው እንደኔ ሳቂታ ጋሼ አይገጥመውም። አስቀድማችሁ የአካባቢውን ሰው አነጋግሩ፤ ደግሞም ከመጽሐፍ የበለጠ የሚያውቀው እሱ ነው።

6. ቆላ የምትወርዱ አጎበር ሳትይዙ አትንቀሳቀሱ። በመተማና በሁመራ አካባቢ ካላዛር የሚባል ክፉ በሽታ የምታስተላልፍ ጥቃቅን ዝንብ አለችና ግራር ሥርና የተሰነጣጠቀ ዋልካ ላይ አትተኙ። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በአማራ ክልል ግጭት ተነስቶ መንገዱ ለተጓዥ አስጊ ሆኖ ቆይቷል፤ ስለዚህ የመንገዱን ወሬ ሳታጣሩ አትነሱ። የመተማን ቆላ በሰላም ቀን ለማየት የታደለ ወደ ቋራ ወርዶ አልጣሽን ይይ። ከ2,600 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሆነ ብሔራዊ ፓርክ ነው፤ ከማዶው ካለው ከሱዳኑ ዲንደር ፓርክ ጋር ድንበር ይጋራል።

ገፈርሳ

መስከረም 2016 ዓ.ም. አንድ እሑድ ጠዋት ጓደኛዬን ገፈርሳ ወሰድኩት። ከመጣ ጀምሮ ብዙ አያወራም ነበር። የአባቱን መነጽር ሰጠሁት። ማሰሪያው አርጅቶ ስለተበጠሰ በጫማ ክር ቀይሬዋለሁ። ክሩን አየና ፈገግ አለ፤ ምንም አላለም።

ውኃው ዳር ካለው ረጅም ሣር ላይ ጥቁርና ቢጫ የሆነው የመስቀል ወፍ ደረቱን ነፍቶ ይዘላል። እኔ በጣቴ አሳየሁት። ጓደኛዬ ግን መነጽሩን ወደዚያ አላዞረም። ከሥሩ፣ ሣሩ መሀል፣ ዘር የሚለቅሙትን ቡናማዎች ነበር የሚያየው።

«እነዚህስ?» አለኝ።

«እነሱም እሷው ናቸው።»

ብዙ ቆየ። ከዚያ መነጽሩን ሳያወርድ «ቆይ፣ አትቸኩል፤ ልቁጠራቸው» አለ።